ክረምት ሳይገባ፦ በወንዝ ዳር ሰፈር ሽንት ቤትንና የመጠጥ ውሃን ከጎርፍ ማዳን

ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ አዲስ አበባን በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡና በሌሎች ትናንሽ ወንዞች ሰንጥቆ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በእነዚህ ወንዞች ዳር ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ መንገዱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

ጎርፍ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የፈረሰ ግድግዳና የተወሰደ ዕቃ ነው። እሱ ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ጉዳት ነው። ሌላው ግማሽ ውሃው ከሄደ በኋላ ባሉት ቀናት ይመጣል። ጎርፍ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ያወጣውን ሰገራ ግቢው ላይ ያሰራጨዋል። ቧንቧው ውስጥ ይገባል፣ የሮቶውን አፍ ይነካል፣ ኩሽና ድረስ ይደርሳል። ከዚያ ልጆች ይታመማሉ። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በገባ ጊዜ ነገሩ የገጠር ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከመጠጥ ውሃ ሳይሆን ከሽንት ቤት ነው። ውሃ ማጣሪያ ገዝቶ ሽንት ቤቱን ክፍት የተወ ግቢ ገንዘቡን ያለቦታው አውሎታል ብዬ አምናለሁ። ሥራው የግንቦት ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ አፈሩ ውሃ ከጠጣ በኋላ ብዙው ነገር አይሠራም፣ አንዳንዱም አደገኛ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ፦ ግቢውን ዙሩ፣ የጎርፉን ከፍታ ምልክት አድርጉ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ ውሃው እስከ የት ይደርሳል? ይህን የሚነግራችሁ ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው ነው። እማማና አባባ የሚባሉትን ጠይቁ። “ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ውሃው በሩ ላይ የት ደረሰ?” ብላችሁ በእጃቸው እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ። ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ካለ እሱም ምስክር ነው። ቦታውን በቀለም አስምሩበት። መስመሩ ከሽንት ቤቱ፣ ከቧንቧውና ከሮቶው አጠገብ መኖር አለበት።

ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ግቢውን ሳሉ። የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም። ሽንት ቤቱ፣ ቧንቧው፣ ቦዩ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ፣ ውሃው የሚገባበትና የሚወጣበት አቅጣጫ ይታይ። ከላይ ያለው ጎረቤት ፍሳሽ በእናንተ በኩል የሚያልፍ ከሆነ እሱም ይሳል። ይህን ስታደርጉ የላዩንና የታቹን ግቢ ሰዎች ጥሩ። አንድ ግቢ ብቻውን ቢደክም ከላይ የሚመጣው ያበላሽበታል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ብዙ የወንዝ ዳር ሰፈሮች በወንዝ ዳርቻና በኮሪደር ልማት ምክንያት ተነስተዋል። የቀሩት ሰዎችም “ነገ እንነሳ ይሆናል፣ ለምን ገንዘብ እናፈሳለን?” ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የኔ ምክር ይህ ነው፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ተነቅሎ ሊወሰድ በሚችል ነገር ላይ አውሉት። ሮቶ፣ ክዳን፣ አሸንዳ፣ ጀሪካን፣ ቦት ጫማ፣ አካፋ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ግንብና ሲሚንቶ ላይ የምታወጡት ግን ጉድጓዱን ለመክደንና ለመጠበቅ የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን። ቤቱ የቀበሌ ቤት ከሆነ ለግንባታ ነክ ሥራ ወረዳውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። የተጀመረ ሥራ መሃል ላይ ሲቆም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ክፍት ጉድጓድ ይዛችሁ ክረምት ትገባላችሁ።

ሁለት፦ ሽንት ቤቱ

ጊዜያችሁን አብዛኛውን እዚህ ላይ አሳልፉ።

ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሞላ እዩ። ረጅም እንጨት አስገብታችሁ ለኩ። ከአፉ እስከ ዝቃጩ ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሞልቷል ማለት ነው፤ መመጠጥ አለበት። መጣጭ መኪና በግንቦት ጥሩ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ወረፋው ይረዝማል፣ ጭቃው ደግሞ መኪናውን አያስገባም። ስትደውሉ ከመኪና መንገዱ እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ንገሯቸው። ቱቦው አልደረሰም ተብሎ መኪናው ባዶውን ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያው፣ ዙሪያው ግንብ ያልተሠራለት የአፈር ጉድጓድ ክረምት መሃል ላይ ወይም ጎርፍ እንዳለፈ ወዲያው አይመጠጥም። አፈሩ ውሃ ስለጠጣ ከውጭ ይገፋል። ውስጡ ባዶ ሲሆን ግድግዳው ይደረመሳል፣ ቤቱንም ይዞ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው፣ የተቀበረ የፕላስቲክ ታንከር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጋችሁ ክረምት አትግቡ። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ባዶ ታንከር ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቱቦውንም ይሰብራል። ከተመጠጠ በኋላ የተወሰነ ውሃ ጨምሩበት።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አታድርጉ። ማንም ሰው ለመጥረግም ሆነ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰውን በቅጽበት ይጥላል። ሊያወጣው የሚገባውም ይከተለዋል። ስልክ ከወደቀ ስልኩ ይቅር።

አሁን ስለ ሌላ ልማድ በግልጽ እንነጋገር። ዝናብ ሲዘንብ ሽንት ቤትን ወደ ወንዝ የመልቀቅ ልማድ አለ። ሰው ይህን የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መኪና አይገባለትም፣ ገንዘብ የለውም፣ ጉድጓዱ ሞልቷል። ግን ከታች ያለው ግቢ ልጆች በዚያው ውሃ ውስጥ ነው የሚራመዱት። ወንዙ ዝቅ ሲል አቃቂ አካባቢ ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውሃ ይለማል፣ ተመልሶም ወደ ገበያችን ይመጣል። መፍትሔው ማስመጠጫውን በጋራ መክፈል ነው። ዕድር ካላችሁ፣ ከጥር ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ። ግንቦት ላይ ገንዘቡ እጃችሁ ላይ ይሆናል። ሦስት አራት ግቢ ባንድ ቀን አንድ መኪና ቢጠራ ደግሞ በዋጋ ለመደራደርም ይመቻል።

ጉድጓዱ ከተዘጋጀ በኋላ አፉን ከጎርፉ መስመር በላይ አድርጉ። ቁም ነገሩ ይህ ነው። የሽንት ቤቱ ሶሌታ (ጉድጓዱን የሚከድነው ወለል) ከቀለሙ መስመር በታች ከሆነ፣ ጎርፉ ገብቶ ሞልቶ ይዞት ይወጣል። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ግንብ ዙሪያውን ከፍ አድርጉና ሶሌታውን በላዩ መልሱ። ብሎኬቱ ክፍት ቀዳዳ ስላለው ውስጡን በኮንክሪት ሙሉት፣ ውጩን በሲሚንቶ ለስኑት። ደረጃ መሥራት አትርሱ። ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር መያዣ እንጨት በሁለቱም በኩል ትከሉ። ከፍ ያለ ሽንት ቤት ላይ መውጣት ያቃታት እናት ተመልሳ ፌስታል ነው የምትጠቀመው።

ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ክዳን ላይ አተኩሩ። የመቀመጫው ቀዳዳ የሚገጥም ክዳን ይኑረው፤ ከሥሩ ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ይደረግበት፣ ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበት። ለመጣጭ መኪና የተተወው መክፈቻ ደግሞ በስስ ሲሚንቶ ወይም በደንብ በተቦካ ጭቃ ይደፈን። ጉድጓዱ ጎን ላይ ያሉ ስንጥቆችም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ጎርፍን ሙሉ በሙሉ አያግድም፣ ግን የሚወጣውን ሰገራ መጠን በጣም ይቀንሳል። መቀመጫው በቱቦ ከማንሆል ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ፍሳሹ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ በቧንቧ ሠራተኛ አስገቡ።

አዲስ ጉድጓድ የምትቆፍሩ ከሆነ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የጉድጓዱ ወለል ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ወንዝ ዳር ይህን ማግኘት ይከብዳል። እንዲህ ከሆነ በጥልቀት አትቆፍሩ፤ ጥልቀቱ ያነሰ፣ ስፋቱ የበዛ፣ ግማሹ ከመሬት በላይ የተገነባ ማጠራቀሚያ ይሻላል። ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጠጣል። ግን ውሃ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ሽንት ቤት አይባልም።

ዳይፐር፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያና ፌስታል ጉድጓድ ውስጥ መጣል ይቁም። ጉድጓዱን ያለጊዜው ይሞላሉ፣ የመጣጩን ቱቦም ይደፍናሉ። በሽንት ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጥና በተራ ይነሳ። ቁልፉን በተመለከተ፣ ሽንት ቤቱን የሚጋሩት ቤተሰቦች ተለይተው እያንዳንዳቸው ቁልፍ ቢኖራቸው ጥሩ ነው። ማን እንደሚጠቀም ሲታወቅ ማን እንደሚያጸዳም ይታወቃል። በአደጋ ጊዜ የሚሠራበት መለኪያ ለ20 ሰው አንድ መቀመጫ ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ወረዳውን የምትጠይቁት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ እጅ መታጠቢያ ስቀሉ። 5 ሊትር ጀሪካን ወይም አንድ ትልቅ ሃይላንድ ክዳኑ አጠገብ በምስማር በስታችሁ በገመድ አንጠልጥሉ። ሳሙናው በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ታስሮ ይንጠልጠል፣ አይጠፋም። ሳሙና ባለቀበት ቀን አመድ ይሠራል።

ሦስት፦ ቦዩ

ቦዩን መጥረግ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። አካፋ፣ ዶማ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ባዶ ማዳበሪያ ያዙ። ከታች ጀምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ያልተጠረገው ጋ ሄዶ ይታቆራል። ከቦዩ የወጣውን ደለል ጠርዙ ላይ አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። በማዳበሪያ ሞልታችሁ በዚያው ቀን እንዲነሳ ከደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቦዩ ወደ ትልቁ ቱቦ በሚገባበት ቦታ ላይ የብረት ፍርግርግ አድርጉ። ሃይላንዱንና ፌስታሉን ይይዘዋል። ግን ፍርግርግ ያለ ጠባቂ ራሱ ግድብ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የሚያጸዳው ሰው በስም ይታወቅ። የማንሆል ክዳን የጠፋበት ቦታ ካለ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም እንጨት ትከሉበትና ለወረዳው አሳውቁ። ጎርፍ በሸፈነው መንገድ ላይ ክዳን የሌለው ማንሆል አይታይም፣ ሰው ይበላል።

አሸንዳ ላይም ትንሽ ገንዘብ ማውጣት ይጠቅማል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ ወደ 200 ሊትር ይጠጋል። ይህ ውሃ ግቢው ላይ እንዳይፈስ በርሜል ውስጥ ከገባ፣ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ይበቃል። ቧንቧ በሌለበት ቀንም ለመጠጥ የያዛችሁትን ይቆጥብላችኋል። የዝናቡን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውሃ አፍስሱት፣ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚመጣው።

አራት፦ ቧንቧና ሮቶ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ቧንቧው የተሰነጠቀ ከሆነና በቆሻሻ ውሃ ውስጥ ከተኛ፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የምትቀዱት ያንን ነው። ስለዚህ በየቦዩ ውስጥ የሚያልፈውን ቧንቧ ተከትላችሁ ሂዱና መገጣጠሚያውን ሁሉ እዩ። የሚያንጠባጥብ ካለ ይጠገን። ከቦዩ ማውጣት የሚቻል ከሆነ ከፍ ተደርጎ በግድግዳ ላይ ይታሰር። ካልተቻለ በሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ውሃ ሲመለስ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ጥርት እስኪል ልቀቁት። የለቀቃችሁትን በባልዲ ይዛችሁ ለሽንት ቤት አድርጉት። ለመጠጥ የምትቀዱትን ግን ክረምቱን ሙሉ አክሙት።

ሮቶው ከጎርፉ መስመር በላይ ባለ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፣ በገመድ ወይም በሽቦም ይታሰር። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚከብድ መቆሚያው ከአጠና ሳይሆን ከግንብ ወይም ከብረት ይሁን። ክዳኑ ይገጥም። ጎርፍ ከነካው ወይም ዓመት ሙሉ ካልታጠበ እንዲህ አድርጉ። ባዶ አድርጋችሁ በብሩሽ ፈትጉት፣ አለቅልቁት። ሩቡን በንጹሕ ውሃ ሙሉና ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር 5% በረኪና ጨምሩ። ከዚያ እስከ አፉ ሙሉት። 24 ሰዓት ይቆይ፤ ልጆች እንዳይቀዱ ቧንቧው ይታሰር። በመጨረሻ አፍስሳችሁ የበረኪናው ሽታ እስኪቀንስ አለቅልቁት። የሚፈሰው ውሃ ወደ ጓሮ አትክልት አይሂድ።

አምስት፦ የመጠጥ ውሃ ማከም

ሦስት መንገድ አለ። እንደ አቅማችሁ አንዱን ምረጡ፣ ግን በየቀኑ አድርጉት።

ማፍላት ሁሉም ያውቀዋል፣ ጊዜውን ግን ብዙ ሰው ያሳንሰዋል። በከፍታ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ብዙ መቆየት አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ውሃው ፍልቅልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ዝቅ ያለ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከሰል ውድ በሆነበት ዘመን ግን ለሁሉም ውሃ ማፍላት አይቻልም። ለሕፃናትና ለታመመ ሰው አስቀድሙ።

ሁለተኛው ውሃ አጋርን የመሰለ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀ ክሎሪን ወይም የማከሚያ እንክብል ነው። መጠኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ እሱን ብቻ ተከተሉ።

ሦስተኛው በረኪና ነው። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ካልተጻፈበት፣ ሽቶ ወይም ቀለም ካለው፣ ጊዜው ካለፈ ለመጠጥ አይሆንም፣ ለወለል ይሁን። የተጻፈበትን ካገኛችሁ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ 40 ጠብታ ጨምሩ። በማንኪያ አትገምቱ። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ ይጥለል፣ አራት ቦታ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጣራ፣ ከዚያ መጠኑ እጥፍ ይሁን። አነቃንቃችሁ ከድኑና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ስትከፍቱት ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ድገሙና ሌላ 15 ደቂቃ ቆዩ። ሽታው ውሃው አሁንም ጥበቃ እንዳለው ያሳያል፤ ለልጆችም ይህን አስረዷቸው፣ አለበለዚያ አንጠጣም ይላሉ።

ውሃው ናፍታ ወይም የቀለም ሽታ ካለው የትኛውም ዘዴ አይሠራም። ጎርፍ ከጋራዥና ከፋብሪካ ያጠበውን ክሎሪንም ሆነ እሳት አያወጣውም። ሌላ ውሃ ፈልጉ። በፀሐይ የማከሙን ዘዴም ለክረምት አትመኑበት፣ ደመናው አያሠራም።

የታከመ ውሃ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነው። ለመጠጥ የሚሆነው ጀሪካን ለብቻው ይሁን፣ ቀይ ክር ይታሰርበት። በየሳምንቱ ሳሙናና ጥቂት ጠጠር ጨምራችሁ አንቀጥቅጣችሁ እጠቡት። ኩባያ እየነከሩ ከባልዲ መቅዳት ይቅር። በማዘንበል ወይም በቧንቧ ይቀዳ።

ለክፉ ቀን ደግሞ የሦስት ቀን ውሃ ይቀመጥ። በአንድ ሰው በቀን 7.5 ሊትር ብንይዝ፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብ 6 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል።

ስድስት፦ ጎርፉ የመጣ ሌሊት

በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከደጋው ነበር፤ ከተማው ተኝቷል። አዲስ አበባም ያው ነው፤ እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ ቀበና ሲደርስ እናንተ ጋ ገና ላያካፋ ይችላል። ከወንዙ ላይኛው ክፍል ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ጋር ስልክ ተለዋወጡ። ውሃው ከፍ ሲል ይደውሉላችኋል። እናንተም ለታችኞቹ ትደውላላችሁ። ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ቀድማችሁ ተከፋፈሉ፣ በተለይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንትና መሄድ ለማይችሉ።

ውሃ መግባት ሲጀምር የመብራት ቆጣሪውን አጥፉ፣ ልጆችን ይዛችሁ ውጡ። ለዕቃ አትመለሱ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስልክ 939 ነው።

ለመጸዳጃ ሽንት ቤቱ እስኪፈተሽ ድረስ ክዳን ያለው ባልዲ ተጠቀሙ። የባልዲው ውስጥ በሁለት ፌስታል ይሸፈን፣ በየጊዜው አመድ ወይም ሰጋቱራ ይነስነስበት። ለሕፃንና ለአዛውንት ፖፖ ይዘጋጅ። በማግሥቱ ይዘቱ በሚሠራ ሽንት ቤት ይደፋ፣ ፌስታሉ ግን አይጣልበት።

ሰባት፦ ውሃው ከሄደ በኋላ

ጭቃውን የጎርፍ ጭቃ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ሰገራ አለበት። ሕፃናት ግቢ ውስጥ አይኑሩ። ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ የሚያጸዱት፣ ቁስል ያለበት ሰው አይግባበት።

መጀመሪያ ጭቃው በአካፋ ይነሳ፣ ቀጥሎ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በመጨረሻ በረኪና። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ጭቃ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ጭቃው ይጨርሰዋል። ለወለል፣ ለግድግዳና ለሽንት ቤት አንድ ኩባያ 5% በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ በጥብጡ፣ 10 ደቂቃ ይቆይበት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መስኮትና በር ይከፈት። ከኩሽና ጀምሩ፣ ሽንት ቤቱን መጨረሻ አድርጉት፣ አካፋውንም እጠቡ።

ጎርፍ የነካው ዱቄት፣ ሊጥ፣ እንጀራ፣ የተከፈተ በርበሬና ሽሮ ይጣል። ልብ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ የወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። ግን አይታጠብም፣ አይደርቅም። ቀለብ ለመደጎም ዕድሩ አንድ ነገር ቢይዝ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ድስትና ሌላ የምግብ ዕቃ ግን በውሃ ተቀቅሎ ተመልሶ ሊያገለግል ይችላል። ጥሬ ሰላጣ ለጥቂት ሳምንት ይቅር፣ ጎመን በደንብ ይብሰል።

ስምንት፦ ተቅማጥ ከጀመረ

የመጀመሪያው መድኃኒት ፈሳሽ ነው። ለምለም ወይም ሌላ ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ቤት ውስጥ ይኑር። ከሌለ በ1 ሊትር የታከመ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው አታብዙ። ለልጅ በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ ይሰጥ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይቋረጥ። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጤና ጣቢያው ዚንክ ከሰጠ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከተባለበት ቀን ይጨረስ።

ተቅማጡ የሩዝ ውሃ ከመሰለ፣ ዓይን ከጎደጎደ፣ ሽንት ከቆመ ወይም ልጁ ከዘለፈለፈ አታመንቱ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ መንገድ ላይም አጠጡት። ከአንድ ግቢ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከታመመ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሩ ወይም በነፃ ስልክ 8335 ደውሉ። ነገሩን መደበቅ ሰፈሩን ሁሉ ይጎዳል። የታመመው ሰው የተጠቀመበት ሽንት ቤት በበረኪናው ብጥብጥ በየጊዜው ይታጠብ።

ዘጠኝ፦ ከወረዳው ጋር

ከላይ ያለውን ሁሉ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ፤ ትልቁን ቱቦ መጥረግ፣ የማንሆል ክዳን መመለስ፣ የጋራ ሽንት ቤት መጨመር፣ የወንዙን ዳር መደገፍ ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። ጠይቁ። “ችግር አለብን” የሚል አቤቱታ መልስ አያገኝም። የሳላችሁትን ግቢ፣ የጎርፉን መስመር ፎቶ፣ ስንት ሰው ስንት መቀመጫ እንደሚጋራ፣ የተሰነጠቀው ቧንቧ ያለበትን ቦታ አያይዙ። ያሰባሰባችሁትን ገንዘብና የምትሰጡትን ጉልበትም ጻፉ። የየቤቱ ተወካይ ይፈርም፣ ሴቶችም ይካተቱ፤ ውሃ የሚቀዱት፣ ሽንት ቤቱን የሚያጸዱት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ደብዳቤው ከግንቦት በፊት ይግባ፤ በሁለት ቅጂ ይሁንና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ።